ለክፍል ጓደኛ ተዝካር የለም

ሁለቱም መንዝ ማማ ተወልደው አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው። እሱ እዚያው ሞላሌ አካባቢ ታሪክ ያስተምራል፤ እሷ ደብረ ብርሃን ነርስ ናት። የሚያወሩት ግንቦት 1992 በኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት በዛላንበሳ ግንባር ስለወደቀው የክፍል ጓደኛቸው ነው። የልጁ እናት በሕይወት ስላሉ ስሙ እንዳይነሣ ሁለቱም ለምነውኛል፤ የራሳቸውንም አስቀርተዋል። ነገሩን የጀመረችው እሷ ናት። በተማሩበት ግቢ የመታሰቢያ ሰሌዳ እናሠራ ብላ ከድሮ ጓደኞቿ ገንዘብ መሰብሰብ ያዘች። እሱ አላዋጣም አለ። እኔ መሐል ተቀምጬ ሰማሁ።

ነርሷ፦ ሁሉም አዋጣ። ካናዳ ያለው እንኳ ልኳል። ከሞተው ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥህ አንተ ነህ፤ እምቢ ያልህም አንተ ብቻ ነህ። ምን ቢበድልህ ነው?

መምህሩ፦ እሱ ምን ይበድለኛል፣ እታለም። ያልተዋጠልኝ ሰሌዳው ነው። እብነ በረድ ላይ «ለእናት ሀገሩ የተሠዋ ጀግና» ብለሽ ልታስጽፊ ነው አይደል?

ነርሷ፦ አልተሠዋም ልትለኝ ነው?

መምህሩ፦ ተሠውቷል። ጀግናውን ግን እኔ አላውቀውም፤ ዛላንበሳ አብሬው አልነበርኩም። እኔ የማውቀው ኬሚስትሪ ፈተና ላይ ከእኔ ሲገለብጥ ተይዞ «እሱ ነው ከእኔ የገለበጠው» ብሎ ሁለታችንንም ያስገረፈውን ልጅ ነው። ተገርፈን ስንወጣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ለብቻዬ ብገረፍ አንተም ይከፋህ ነበር።»

ነርሷ፦ (እየሳቀች) ይኼን አልሰማሁም ነበር። እኔ የማስታውሰው በሶውን ነው። ሁለተኛ ደረጃ ልንማር ከተማ ቤት ተከራይተን ሳለን፣ እሑድ ከሰዓት ስንቃችንን ተሸክመን አይደል የምንሄደው? በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። «ሴት ልጅ አትሸከምም» ይልና የእኔን ከረጢት ይቀበለኛል። ስንደርስ ከረጢቱ ጎድሏል፤ መንገዱን ሙሉ እየቃመው ነው የመጣው። ለእናቴ ከሰስኩት። እሷ ምንም አላለችም፤ በሳምንቱ አብዝታ ቋጠረችልኝ። ልጁ እንዲበላው መሆኑ ነው።

መምህሩ፦ ይኼው ነው እኮ! ይኼን የት ልትጽፊው ነው? እብነ በረድ ላይ ቦታ የለውም። ቆቡስ? ታሪክ ክፍለ ጊዜ ላይ ከዴስኩ ሥር የበግ ጸጉር ቆብ ይሠራ ነበር። ቅዳሜ ጣርማ በር ሄዶ ለመንገደኛ ይሸጥና ደብተር ይገዛበታል። መምህራችን ያዩታል፣ እንዳላዩ ያልፉታል። ዛሬ እኔ አስተማሪ ሆኜ ሳየው፣ ከዚያ ሁሉ ትምህርታቸው የቀረልኝ ያ ዝምታቸው ነው።

ነርሷ፦ እናቱ የሚጠይቁኝ ግን ስለ ቆብ አይደለም። ባገኙኝ ቁጥር «ልጄን የሚያስታውስ ሰው አለ?» ነው የሚሉኝ። ቆብ ይሠራ ነበር ልበላቸው? እሱንማ ጠጉሩን ፈትለው የሰጡት እሳቸው ናቸው። ሀገር ያስታውሰዋል ልላቸው ነው የምፈልገው።

መምህሩ፦ ሀገር! ለመሆኑ ለምን እንደሄደ ትዝ ይልሻል?

ነርሷ፦ ማትሪክ ውጤት አልመጣለትም።

መምህሩ፦ እሱ አንዱ ነው። ሌላው የ1991 በልግ ነው። ደጋው በበልግ ገብስ ነው የሚኖረው፤ ያን ዓመት ዝናቡ ቀረ። በጉ በወደቀ ዋጋ ተሸጠ። ምልመላው ሲመጣ እነሱ ቤት የሚበላ አፍ አንድ ቢቀነስ የሚሻልበት ሰዓት ነበር። ይኼን ሁሉ ዘለሽ «ለእናት ሀገሩ» ስትዪኝ ይተናነቀኛል።

ነርሷ፦ ችግር ያስገባው ወታደር ሀገሩን አይወድም ያለህ ማነው? እኔስ ነርስነት የገባሁት ወድጄ ነው? ውጤቴ የፈቀደልኝ እሱን ስለሆነ ነው። ታዲያ ዛሬ ሥራዬን አልወደውም? ከብር ሸለቆ የጻፈልኝን ደብዳቤ አንብቤልህ የለም? «እኛ እዚህ ካልቆምን እነሱ እዚያ ይመጣሉ» ይላል።

መምህሩ፦ አለቃው አስጽፎት ይሆናል።

ነርሷ፦ ከሥሩ ደግሞ «ማን አለፈ፣ ማን ወደቀ፣ ዝርዝሩን ላኪልኝ» ይላል። እሱንም አለቃው ነው ያስጻፈው?

(መምህሩ መልስ አልነበረውም። እኔም በልቤ ለእሷ ፈረድኩ። በልጉ የከሸፈበት ጎረቤት ሁሉ አልዘመተም፤ ልጁ የሄደበትን ምክንያት ከገብስ ማነስ ብቻ ማውጣት እሱንም ማሳነስ ነው።)

ነርሷ፦ ግንቦት 4 ቀን 1992 ማጥቃቱ ተጀመረ፤ ሰኔ 11 አልጀርስ ላይ ተኩስ ማቆም ተፈረመ። አርባ ቀን አይሞላም። እሱ ያለቀው በዚያ መሐል ነው። እናቱ ዛሬም ጣታቸውን ያጥፋሉ፤ ይኼን ያህል ቢቆይልኝ ይተርፍ ነበር እያሉ።

መምህሩ፦ መርዶውም ዘግይቶ ነው የመጣው። ያን ማለዳ አልረሳውም። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጎሕ ሳይቀድ አጥሩ ሥር ተኮልኩለዋል። እናቱ በጎቹን ሊያወጡ በሩን ሲከፍቱ አዩአቸው። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ገባቸው። ከዚያ ለቅሶው። አስከሬን የለ፤ ልብሱ ይውጣ ተባለ። ቢፈለግ የተገኘው የትምህርት ቤት ሹራቡ ነው፤ ክርኑ የተጣፈው። እሱን ይዘው ደረታቸውን እየመቱ ዞሩ። አልቃሿ ጠመንጃውን አነሣች፣ ተኳሽነቱን አነሣች። ያ ልጅ ጠመንጃ የያዘው አንድ ዓመት ቢሆነው ነው፤ እስክሪብቶ የያዘው አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ስለ አሥራ ሁለቱ ዓመት ያን ቀን ያነሣ ሰው አልነበረም።

ነርሷ፦ እኛ እኮ ነበርን።

መምህሩ፦ ውኃ እየቀዳን! ዘመድ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፤ ዕድርተኛ ያስተዛዝናል። ሁሉም ቦታ አለው። የክፍል ጓደኛ ቦታ የለውም። አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ የእናትና የአባት ነው። ቄሱ በክርስትና ስሙ ያነሡታል፤ ሠራዊቱ በመዝገብ ቁጥሩ ያውቀዋል። በስም ጥሪው ስም፣ ከአባቱ ስም ጋር ተጠርቶ «አቤት» በሚልበት ስም የሚያለቅስለት ሥርዓት አላየሁም።

ነርሷ፦ እኔስ የምለው ሌላ መሰለህ? ሥርዓት ከሌለን እንሥራ ነው የምለው።

መምህሩ፦ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጣርማ በር ስታልፊ ምን ታያለሽ?

ነርሷ፦ ጉም። ከዚያ ዋሻውን። የሙሶሎኒ ዋሻ።

መምህሩ፦ በሚያዝያ 1928 ዋሻው ገና አልተፈለፈለም። የማይጨው ጦር ከተፈታ በኋላ ነው። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ከደሴ ተነሣ፤ ከአንድ ሺህ በላይ መኪና አስከትሎ ወደ አዲስ አበባ። መንገዱ በገደሉ አፋፍ ነው የሚጠማዘዘው፤ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ። እዚያ ሊያቆመው የወጣው ማን መሰለሽ? ተማሪ ነው። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች። ትምህርት ቤቱን በ1927 የከፈቱት የስዊድን መኮንኖች ናቸው፤ ልጆቹ በአብዛኛው ከተፈሪ መኮንንና ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተመለመሉ፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ የከተማ ተማሪዎች። ትምህርቱን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። ቪኪንግ ታም የሚባለው ስዊድናዊ አለቃቸው አብሯቸው ወጥቷል። መንገዱን ናዱት፣ ተታኮሱ። ጣሊያን የተናደውን መንገድ እስኪጠግን ዘገየ። ከዚያ አለፈ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ።

ነርሷ፦ ልጆቹስ?

መምህሩ፦ የተረፉት ወደ ወለጋ ሄዱ። ክፍሌ ነሲቡ የሚባለው መኮንን፣ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነና ሌሎችም ሆነው ጥቁር አንበሳ የሚባለውን የአርበኞች ድርጅት አቋቋሙ። ከራስ እምሩ ጋር ተጉዘው ታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ላይ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። የካቲት 12 የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር፣ ክፍሌን ጨምሮ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ተረሸኑ። አንድ ትምህርት ቤት ነበር እኮ! አንድ መኝታ ቤት ያደሩ፣ አንድ ሰሌዳ የገለበጡ። ዓመት ሳይሞላ ማን ቀረ? እኔ ይኼን ሳስተምር ሁልጊዜ የማስበው አንድ የተረፈ ካለ እሱን ነው፤ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ስም ጥሪውን በልቡ ሲወጣ። ዛሬ የሞላሌ ልጅ ጣርማ በር ላይ የሚያውቀው የሙሶሎኒን ስም ነው።

ነርሷ፦ አየህ! በራስህ አፍ ተናገርኸው። ሰሌዳ ቢኖር ኖሮ የልጆቹን ስም ያውቅ ነበር።

መምህሩ፦ ኃይለ ማርያም ማሞ ሰሌዳ አጣ? ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት በስሙ አለ። «ኃይለ ማርያም ማሞ የት ነው?» ብለሽ መንገድ ላይ ብትጠይቂ በእጃቸው ይጠቁሙሻል። «ማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ እስቲ። ወረራው እንደገባ ሸዋ ላይ ቀድሞ ከተኮሱት አንዱ፣ በ1930 የወደቀ አርበኛ ነው የሚልሽ ስንት ታገኛለሽ? ሰውየው ግድግዳ ላይ ሲወጣ ከሰው አፍ ይወርዳል። የዘረትን ዋሻ ደግሞ እዪ። ሚያዝያ 1931 የራስ አበበ አረጋይ ሰዎች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ዋሻ ሲገቡ ጣሊያን በመርዝ ጋዝ ፈጃቸው። ሰሌዳ አልነበረም። እረኛው ግን «አመፀኛ ዋሻ» እያለ ለልጁ ሲነግር ኖረ።

ነርሷ፦ እረኛው ሲነግርማ ማን ሰማው? አንድ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ከስንት ዘመን በኋላ መጥቶ ገብቶ ዐጽሙን እስኪያይ ድረስ ዓለም አልሰማም። የእኛን ልጅ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪጽፈው ልጠብቅልህ? ደግሞ እኮ መቁጠር ያስፈለገ ጊዜ መቁጠር ይቻላል። ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ጦር 121 ሰው ሞቶበታል። 121። ከመቶ ሃያ ምናምን አላሉም። ምርኮኛ የለ፣ ሜዳ ላይ የቀረ አስከሬን የለ ብለው አባቶቻችን ይኮሩበት የለም? ሐውልት አዲስ አበባም ቹንቾንም ቆሞላቸዋል። የእኛ ልጅ የሞተበት ጦርነት ግን ከሁለቱ ወገን ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ ይገመታል ነው የሚባለው። ይገመታል! የሠላሳ ሺህ ሰው ልዩነት ለግምት ይተዋል? አንዱ እኮ በሶዬን የበላው ነው።

(እዚህ ላይ ድምፅዋ ከፍ አለ። መምህሩ ውኃ ቀዳላት። ቁጥርን በቁጥር እመልሳለሁ ብሎ ሲዘጋጅ አይቼው ነበር፤ ተወው።)

መምህሩ፦ እሺ፤ ጦርነቱ የተነሣባት ባድሜስ? ሚያዝያ 5 ቀን 1994 የድንበር ኮሚሽኑ ባድሜን ለኤርትራ ወሰነ። ነገሩ እኛ ጋ ሲሰማ እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ታዲያ ለምን ሞቱ?» አለኝ። ሰሌዳሽ ለዚያ ልጅ ምን ይመልስለታል?

ነርሷ፦ ለዚያ ልጅ መልስ የሚሰጠው የሞተው ነው እንዴ? ያዘመተው ይመልስ። እኔ እኮ ጦርነቱ ትክክል ነበር ብዬ ልጽፍ አይደለም። ሐምሌ 2010 የሁለቱ ሀገር መሪዎች አስመራ ላይ ሲተቃቀፉ በቴሌቪዥን አየሁ። ተኝቶ የሚታከመው ሁሉ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። በሳምንቱ ሞላሌ ስመጣ እናቱ አስጠሩኝ። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ፈርቼ ሄድኩ። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «መንገዱ ከተከፈተ ዐጽሙን ማምጣት ይቻላል?»

መምህሩ፦ ምን አልሻቸው?

ነርሷ፦ እጠይቃለሁ አልኳቸው። ማንን እንደምጠይቅ ሳላውቅ ጥቅምት 24 ቀን 2013 የትግራይ ጦርነት መጣ። ዛላንበሳ መልሳ ጦር ሜዳ ሆነች።

መምህሩ፦ ከዚያማ ጦርነቱ ራሱ ወደኛ መጣ። ኅዳር 2014 መዘዞና ሞላሌ ገባ። ሰዉ በጉን እየነዳ ገደል ወረደ። ከዚያ በኋላ የድሮውን የክፍላችንን ሬጅስተር ፈልጌ አጣሁት። ሁላችንም በፊደል ተራ የተደረደርንበት እሱ ብቻ ነበር፤ ማን ምን ሆነ ሳይል ስማችንን እኩል የያዘ።

ነርሷ፦ ሬጅስተሩን ፈልገህ ነበር? ለምን?

መምህሩ፦ እንዲሁ ነው።

ነርሷ፦ እንዲሁ አይደለም።

መምህሩ፦ እሺ፤ ልቆጥር ነበር። ከእኛ ክፍል የሞተው እሱ ብቻ አይደለማ! አንዱ መከላከያ ሆኖ ትግራይ ቀርቷል። አንዱ ሚሊሻ ሆኖ እዚሁ ቀዬው ላይ ወድቋል። ሰሌዳሽ ላይ የማንን ስም ትጽፊያለሽ? የእሱን ብቻ ከሆነ የሌሎቹ እናቶች በዚያ ግቢ አያልፉም? ሁሉንም ልጻፍ ካልሽ ደግሞ ዛሬን አስቢ። የአንዱ ጓደኛችን ልጅ ወታደር ነው፤ የሌላው ጫካ ገብቷል። አባቶቻቸው አንድ ቡና ቤት መቀመጥ ትተዋል። ነገ ከሁለቱ አንዱ ቢሞት ስሙን የትኛው ግድግዳ ይችለዋል? የዛሬው ባለሥልጣን አንዱን ያስፍቃል፣ የነገው ሌላውን። እኔ አላዋጣም ያልኩት ለዚህ ነው። ስስት መሰለሽ?

(ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ምክንያቱን ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ እኔ ብዘረዝረው ለእነሱም ለእኔም አይበጅም።)

ነርሷ፦ ይኼን ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

መምህሩ፦ ስልክ ላይ የሚነገር አይደለም።

ነርሷ፦ እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው፣ ወንድምዓለም። የቆሰለ ሲመጣ የምጠይቀው ስሙንና ዕድሜውን ነው። የየትኛው ነህ አልለውም። ሰሌዳው ላይም እንደዚያ ቢሆንስ? «ጀግና» የሚለው ይቅር። «ለእናት ሀገሩ» የሚለውም ይቅር፤ ቢቆጨኝም ይቅር። ስም፣ የአባት ስም፣ የተማረበት ዓመት። በጦርነት የሞቱ የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች፣ በቃ። በየትኛው ጦርነት አንልም።

መምህሩ፦ ቆቡስ? በሶውስ?

ነርሷ፦ እሱን አንተ ጻፈዋ። ታሪክ አስተማሪ አይደለህ? ለእያንዳንዱ ስም ደብተር ላይ ጥቂት ገጽ ይሰጠው፤ የሚያውቀው ሁሉ የሚያውቀውን ይጻፍበት። ኬሚስትሪውም ይግባ።

መምህሩ፦ መገረፉ ይግባ? እናቱ ቢሰሙ አይከፋቸውም?

ነርሷ፦ እናቱ ከሃያ ዓመት በላይ ስለ እሱ ምንም አዲስ ነገር አልሰሙም። ፈተና ገልብጦ ተገረፈ ብትላቸው ደስታቸውን አትችለውም።

መምህሩ፦ ሬጅስተሩስ? ያለሱ ስንቱን እንረሳለን።

ነርሷ፦ አንተ ከሀ እስከ መ አስታውስ፤ እኔ ከሠ ጀምሬ እወጣዋለሁ። የጎደለውን ካናዳ ያለው ይሞላል፤ እሱ ተቆጣጣሪ አልነበር? ማን እንዳረፈደ ሳይቀር ያውቃል።

መምህሩ፦ የፎርፌ ስም ጽፎ ስንቴ አስገርፎኛል።

ነርሷ፦ እንግዲህ ገንዘቡን አምጣ።

መምህሩ፦ ደብተሩን እኔ እገዛለሁ ብያለሁ እኮ።

ነርሷ፦ መች አልህ? ደግሞ ደብተር ስንት ናት? የእብነ በረዱን ነው የምጠይቅህ።

መምህሩ፦ እብነ በረድ ይሁን ያለው ማነው? የእኛው ሀገር ድንጋይ አይበቃም? ሞላሌ ጠራቢ ሞልቷል።

ነርሷ፦ ለጠራቢውም ይከፈላል። አንተ በነፃ አስተምረህ ታውቃለህ?

መምህሩ፦ እሺ፣ እሺ። ከደመወዝ በኋላ ይሁን። መጀመሪያ ግን እናቱ ጋ እንሂድ፤ የቱ ስም ይጻፍ እንደሚሉ እንጠይቃቸው። የሌሎቹንም ቤት እንዲሁ እየዞርን። ጫካ የገባው ልጅ አባት ጋ እኔ እሄዳለሁ።

ነርሷ፦ የወታደሩ አባት ጋስ?

መምህሩ፦ እሱ ጋ አንቺ ብትሄጂ ይሻላል። እኔን ተቀይሞኛል።